ጠመኔ እንዴት ይያዛል

ጥቅምት 3

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ይህች ደብዳቤ በደህና ትድረስዎ፤ እርስዎንም በደህና ታግኝዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የትምህርት ቤታችን ነርስስ ደህና ናት? ጡረታ ከወጣችሁ ወዲህ ሁለታችሁ አንድ ግቢ ተከራይታችሁ መኖር እንደጀመራችሁ ባለፈው ደብዳቤዎ ነግረውኛል፤ በሬዲዮ ድምፅ ተጣልታችሁ ካልተለያያችሁ ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ከጻፍኩልዎ ዓመት ተመንፈቅ አልፎኛል። ሰበብ አልደረድርም፤ ስንፍና ነው።

ዛሬ ግን የምነግርዎ ነገር አለኝ።

እንደሚያውቁት እዚህ ሰው አገር የምኖረው በጉሮሮዬ ነው። ሳምንቱን ሆቴል ውስጥ ምሳ ለሚበሉ ሰዎች እዘፍናለሁ፤ ሹካቸውን እንኳ አያስቀምጡም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቲያትር ቤት ከኋላ ከሚቆሙት አሥራ ሁለት አጃቢዎች አንዱ ነኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ፊቴን ልብ ብሎ ያየ ተመልካች መኖሩን እጠራጠራለሁ። ባለፈው ወር ግን አንዲት የፊልም አዘጋጅ ከትርኢት በኋላ ጠርታኝ፣ «ከኋላ ሆነህ ስትዘፍን ያዘንክ ትመስላለህ፤ ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ጫማዬ ጠቦኝ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ በማግሥቱ ለዋና ተዋናይነት ፈተነችኝ። አለፍኩ።

ፊልሙ ሙዚቃዊ ነው። ሰዎቹ እንደኔና እንደርስዎ እያወሩ ይቆዩና ነገሩ ሲከብዳቸው ወደ ዘፈን ይገባሉ። ታሪኩ ዕድሜውን አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለጨረሰ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ተማሪ ብቻ ነው። አስተማሪው እኔ ነኝ። በሒሳብ ከመቶ ሠላሳ አንድ ያመጣሁት እኔ። ይሳቁ፤ ፈቅጃለሁ።

ትናንት ልምምድ ላይ ሰሌዳ ፊት አቁመው ጻፍ አሉኝ። ገና አንድ መስመር ሳልጨርስ አዘጋጇ፣ «ሲጋራ ነው የያዝከው ወይስ ጠመኔ?» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን አፈርኩ። አስተማሪ የማውቀው ከኋላ ወንበር ሆኜ ነው። እርስዎ ሠላሳ አራት ዓመት ከፊት ቆመዋል። እባክዎ ያስተምሩኝ፤ ጠመኔ እንዴት ይያዛል? ክፍል እንዴት ዝም ይላል? አንድ አስተማሪ ተማሪውን እንደሚወድ ሳይናገር እንዴት ያስታውቃል?

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 29

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣ ለፉጨት፤

ጤና፣ ሥራና ሳቅ አይለዩህ። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰ፤ እስከ ዓርብ ሳቅን። «ፉጨት» ብዬ ስጠራህ እንዳትቀየም፤ እኛ ጋ አዳሪ ሳለህ መኝታ ቤቱ በሙሉ ያወጣልህ ስም ነው፣ እኔ ምን ላድርግ። አልጋ ስታነጥፍ ታፏጫለህ፣ ጫማ ስትጠርግ ታፏጫለህ። እኔንም «ኮምፓስ» ትሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። በአንድ እግሬ ቆሜ ዞር የምል ይመስላችሁ ነበር አሉ።

አሁን ስማ። አዲስ ጠመኔ ሙሉውን አይጻፍበትም፤ ይጮኻል። ለሁለት ስበረው። ሰባራውን በአውራ ጣትህና በሁለቱ ጣቶችህ መሐል ያዘው። የሚጽፈው አንጓህ አይደለም፣ ትከሻህ ነው። ከሰሌዳው ጋር አታውራ፤ ጻፍ፣ ዞር በል፣ ገለል በል፣ ከዚያ ተናገር። ቀኝ እጅጌህ ላይ ነጭ አቧራ ከሌለ አስተማሪ ሳይሆን የባንክ ሠራተኛ ነህ፤ ልብስ የምታዘጋጀውን ሴት ይህን ንገራት።

ክፍል ሲንጫጫ አትጩህ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ። የፊተኞቹ እንዲሰሙህ ብለው ዝም ይላሉ፤ የኋለኞቹ ደግሞ የፊተኞቹ ምን እየሰሙ እንደሆነ እንዳያመልጣቸው ብለው።

መውደድ እንዴት ይታወቃል ላልከው፦ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ ቤት ቁጭ ብለህ ማየት ነው። ቤቱ የናፈቀው ልጅ ዳቦውን አይበላውም፣ ያፈርሰዋል። ምን ሆንክ ብለህ አትጠይቀው፤ ያለቅስና ያፍራል። ሥራ ስጠው። «እስቲ እነዚህን ደብተሮች ያዝልኝና አብረን እንሂድ» በለው። መምህራን ክፍል እስክትደርሱ ራሱ ይነግርሃል። አንተ መንገዱን ዘለግ አድርገው፤ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ዙር። ሌላ ጥበብ የለኝም።

ስለ ዘፈኑ ግን አልዋሽህም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ነገር ከብዶኝ ወደ ዘፈን ገብቼ አላውቅም። ብገባ ኖሮ ክፍሉ ባዶ ይቀር ነበር። ነርሷ «ውሸት ነው፣ ክሊኒኩ በር ላይ ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ» ትላለች። አትመናት።

ያንን የአስተማሪ ልብስ ለብሰህ ፎቶ ተነሥተህ ላክልኝ።

አክስትህ


ኅዳር 24

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ለአዘጋጇ ተርጉሜ አነበብኩላት። ስለ ዳቦው የጻፉት ጋ ስደርስ እርሳሷን አስቀመጠች፤ «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ። አክስቴ ናት አልኳት። ያንን ነገር እንዳለ ፊልሙ ውስጥ አስገብተውታል፤ ደብተር ተሸክሞ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል መዞሩን ጭምር።

ጠመኔውን ሰብሬ ሰሌዳ ፊት ስቆም ማንም አልሳቀም። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጆች አሉ፤ ደመወዛቸው ከረሜላ ይመስል ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ይውላሉ። እንዳሉኝ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ዝም አሉ። እኔ ራሴ ደንግጬ የምለውን ረሳሁ።

ፎቶውን በዚህ ውስጥ ያገኙታል። የበፊቱ ጽሕፈትዎ ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር የተሰለፈ ነበር፤ የአሁኑ የሐኪም ማዘዣ መሰለኝ። ደህና ነዎት አይደል?

አሁን አንድ ነገር አስቸግሮኛል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ልጅ ሊባረር መምህራን ይሰበሰባሉ። ድምፅ ሊሰጥ ሲል አስተማሪው ብድግ ብሎ ይዘፍንለታል። ሲጨርስ ርእሰ መምህሩ መነጽሩን ይጠርጋል፣ ሁሉም ሐሳቡን ይለውጣል፣ ልጁም ይቀራል። ዘፈኑ ያምራል፤ ከፊልሙ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ግን ብድግ ባልኩ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋል። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርን። ሙዚቃ አቀናባሪው ዜማውን ዝቅ አደረገልኝ፤ ዜማው አልነበረም ችግሩ።

እርስዎ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጠዋል። ብድግ የሚለው ሰው ምን ይሰማዋል? ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ ልጅ፤

ክፉ አይንካህ። ፎቶው ደርሶናል። ነርሷ ሰደርያው ጠቦታል፣ ፀጉሩም ሸብቷል ትላለች። ግንባርህ ግን የአባትህ ነው አለችኝ።

ጽሕፈቱን ስለጠየቅከኝ፣ ብርድ ስለሆነ እጄን ያመኛል፤ የምትጽፍልኝ እሷ ናት። ማዘዣ ይመስላል ያልከው ጋ ስትደርስ፣ እያነበበችልኝ ሳለ ወረቀቱን አስቀምጣ ወጣች። ሁለት ቀን ሻይዬን ያለ ስኳር ነው ያቀረበችልኝ።

ስለ ጫማ ልጨምርልህ። አስተማሪ ጫማው ተረከዙ የተበላ ይሁን፤ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ወንበር ላይም ሲቀመጥ ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ስለ ስብሰባው ሌላ ጊዜ።

አክስትህ


የካቲት 2

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎን። ሌላ ጊዜ ካሉኝ ስድስት ሳምንት ሆነ። ላስቸኩልዎ አይደለም፤ አዘጋጇ ያንን ክፍል ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ገፍታልኛለች።

የጻፍኩት ስለ አንዲት ቃል ነው። «እያነበበችልኝ» ይላል ደብዳቤዎ። እጅ ያመመው ሰው ይጻፍለታል፤ ለምን ይነበብለታል? ፎቶውንም ነርሷ እንዲህ ትላለች እንጂ እርስዎ ምን እንዳዩ አልነገሩኝም። እኔ ሒሳብ ባልችልም ይህን ያህል መደመር አያቅተኝም።

ስለ ስብሰባው መጻፍ ካልፈለጉ ይተዉት። ስለ ዓይንዎ ግን ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 4

ለፉጨት፤

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ነርሷን ገበያ ልኬያታለሁ። ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ከገዘፈ፣ መስመሩም ቁልቁል ከሄደ ይቅር በለኝ። በአንድ ገጽ ሦስት መስመር ነው የሚወጣልኝ፤ ለዚህ ነው ፖስታው የወፈረው። ደርሰህበታል። ሁለቱም ዓይኔ ሞራ ወጥቶበታል። ሐኪሙ በቀላል ቀዶ ጥገና ይወጣል ይላል። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪን «አትፍራ» ስል ኖሬ እኔው ፈርቼ ነው። እንዳላስጨንቅህ ብዬ ደበቅኩህ። ይህ ትንሹ ነው።

ወንድሜ ሲሞት ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ሳመጣህ በሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ እንዲህ አልኩህ። «ከዚህ በር ውጪ አክስትህ ነኝ። ከገባን ግን እንደማንኛውም ተማሪ እርስዎ ትለኛለህ፣ ቲቸር ትለኛለህ።» እሺ አልክ። አንድ ቀን ተሳስተህ አታውቅም። ክረምት ቤት ስንሄድ ብቻ አንቺ እያልክ፣ አንገቴ ላይ ተንጠልጥለህ፣ የዓመቱን ሁሉ ታወጣው ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላህ ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሩ እየሾለክህ ከተማው አዳራሽ መዝፈን ጀመርክ። ትምህርት ቤቱ የደረሰብህ በሦስተኛው ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው አውቄያለሁ፤ የምታፏጨው ዜማ ተለውጦ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ሻሽ አስሬ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ከቆሙት ሰዎች ጀርባ ቆምኩ። ሦስት ዘፈን ዘፈንክ። በሁለተኛው ላይ ወንድሜን ሰማሁት፤ ያው ድምፁ። መጨረሻውን ሳልሰማ ወጥቼ እየሮጥኩ ተመለስኩ። አንተ ስትገባ ጥናት ክፍል ተቀምጬ ደብተር አርም ነበር። የት ነበርክ እንኳ አላልኩህም።

ከዚያ ያ ስብሰባ መጣ። አሥራ አንድ ነበርን። ርእሰ መምህሩ ጉዳዩን አነበበና፣ «ከመካከላችን ዘመዱ አለች፤ ድምፅ ባትሰጥም እንረዳታለን» አለ። መንገድ ከፍቶልኝ ነበር። የስፖርት አስተማሪው ጎኔ ተቀምጦ፣ «አንቺ ከተናገርሽ ይሰሙሻል» ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። እኔ ግን ለዘመዷ አዳላች እንዳይሉኝ ፈራሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ነገር ነበር። «ይባረር የምትሉ» ሲል እጄን አነሣሁ። መጀመሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ያነሡት እኔን አይተው ነው።

ሻንጣህን እኔው አዘጋጅቼ እስከ በሩ ይዤልህ መጣሁ። ደህና ሁን አልኩህ። «ደህና ይሁኑ ቲቸር» አልከኝ። ከበሩ ወጥተን ነበር፤ ውጪ ነበር የቆምነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በደብዳቤም ቢሆን አንቺ ብለኸኝ አታውቅም።

ብድግ የሚለው ሰው ምን ይሰማዋል ብለህ ጠየቅከኝ። አላውቅም። እኔ የማውቀው የተቀመጠችውን ነው።

አክስትህ


መጋቢት 29

ለአክስቴ፤

እንዴት ነሽ?

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩ። እጅሽን ማንሣትሽን አውቅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ነበር፤ በሩ ደግሞ መስታወት አለው። ያነሣሽውን እጅ አየሁ፣ እጅጌው ላይ ያለውን አቧራ ጭምር። መጀመሪያ መሆንሽን ግን አላየሁም፤ ቀና ስል ሁሉም አንሥተው ነበር። በሐሳቤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የምታነሺው፤ ሁሉም ሲያፈጡብሽ፣ ሳትወጂ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ስጽናና ኖሬአለሁ። እሱን ወሰድሽብኝ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

በሦስተኛው ቀን ሆቴል ውስጥ እየዘፈንኩ አንዲት ትልቅ ሴት በሩ ጋ ቆማ ዣንጥላዋን ስታራግፍ አየሁ። ማንም አይደለችም፤ ምሳ ልትበላ የመጣች ናት። እኔ ግን ዘፈኑ ጠፋብኝ። ፒያኖ ተጫዋቹ መግቢያውን ሁለት ጊዜ መለሰልኝ፣ አልያዝኩትም። በዕረፍቴ ቤቴ ሮጬ መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ስለ አዳራሹ የጻፍሽባቸውን ገጾች ብቻ አውጥቼ በኪሴ ያዝኩ። አክስቴ፣ እኔ እኮ የመጀመሪያ ዘፈኖቼን የሰማ አንድም የሥጋ ዘመድ የለኝም ስል ነው የኖርኩት። ያን ቀን ከመድረክ ወርጄ ሰው ሁሉ ቤተሰቡን ሲያቅፍ እኔ የማይክራፎን ገመድ እጠቀልል ነበር። አንቺ በሩ ጋ ነበርሽ።

አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ፤ ያልፍልኛል። እስኪያልፍልኝ ግን እርስዎ እያልኩ አልቀጣሽም።

የምጠይቅሽ ፈቃድ አለ። ለአዘጋጇ ስምም ሰውም ሳልጠቅስ ነገርኳት፦ ብድግ ያላለች አስተማሪ አውቃለሁ አልኳት። ከገጣሚውና ከአቀናባሪው ጋር ሁለት ቀን ተከራከሩ። አሁን የሚፈልጉት አስተማሪው ብድግ ሳይል እጁን እንዲያነሣ ነው። ልጁ ይሄዳል። ዘፈኑ የሚመጣው በኋላ ነው፤ አስተማሪው ብቻውን ሰሌዳ ሲጠርግ። እምቢ ካልሽ የድሮው ይቀራል፤ እኔም እንደምንም ብድግ እላለሁ። የሚቀረጸው በሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ዓይንሽንም ታሠሪዋለሽ። ይህን እየጠየቅኩሽ አይደለም።

ፉጨት


ሚያዝያ 13

ለፉጨቴ፤

ዕድሜህ ይርዘም፣ ደስታህ አይጉደል። ይህን የምትጽፈው ነርሷ ናት፤ አሁን ሁሉን ታውቃለች። ደብዳቤህን ስታነብልኝ «እንዴት ነሽ» ላይ ድገሚው አልኳት። አራት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ ሁሉን ስትሰማ፣ «ይህን ያህል ዓመት አብሬሽ ሻይ ስጠጣ አንድ ቀን አትነግሪኝም?» ብላ እስከ ቀትር አኮረፈች። ከቀትር በኋላ ካፖርቴን አምጥታ አለበሰችኝና ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሳታማክረኝ ቀጠሮ አስያዘች። ግራው በግንቦት ይሠራል።

ፈቅጃለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አታስለቅሰው። እኔ አላለቀስኩም። ከስብሰባው ወጥቼ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰባተኛ «ለ» ገባሁ። ክፍልፋይ ማካፈል ነበር የማስተምረው። ሰሌዳውን ሞልቼ ጻፍኩ። አንድ ስሕተት አልሠራሁም። ለራሴ እስካሁን ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ነው።

አክስትህ

(ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ክሊኒኩ በር ላይ የምታንጎራጉረው ከአዳራሹ የሰማችውን ዘፈን ነበር። አሁን ነው የገባኝ። — ነርሷ)


ሰኔ 11

ለአክስቴ፤ ለነርሷም፤

ሰላማችሁ ይብዛ። የግራው ፋሻ እንደተፈታ ነርሷ የላከችው ቴሌግራም ደርሶኛል። «ታያለች፣ ነገር መፈለግም ጀምራለች» ይላል። ለሆቴሉ አስተናጋጆች ሁሉ አነበብኩላቸው።

ቀረጽነው። አሥራ አንዳችን በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። «ይባረር የምትሉ» ሲባል እጄን አነሣሁ። ምንም አላደረግኩም፣ ያነሣሁት ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቼ፣ ወረቀቴን ሰብስቤ፣ በኮሪደሩ አልፌ ክፍል ገባሁና ክፍልፋይ ማካፈል አስተማርኩ። ሳምንት ሙሉ ሳጠና የከረምኩት ነው፤ አንድ ስሕተት አልሠራሁም። አላለቀስኩም። ብርሃን የሚይዘው ሰውዬ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ልጆቹ ሲወጡ ሰሌዳውን እየጠረግኩ ዘፈንኩ። ጉሮሮዬ አልተዘጋም። ገጣሚው የጻፈው ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይጀምራል፦

ሰሌዳውን ጠርጌ ንጹሕ አድርጌዋለሁ፤
ያነሣሁትን እጅ የት አሳርፈዋለሁ?

አዘጋጇ «በቃ» አለች፤ ድጋሚ አላስቀረጸችም። ምሳ ላይ አጠገቤ መጥታ፣ «የተባረረውስ ልጅ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል?» አለችኝ። «እሱን ተዪው፤ ገና እየተጻጻፉ ነው» አልኳት።

ፉጨት


ኅዳር 9

ለፉጨቴ፤

ባለህበት ሰላም ዋል። ይህን በራሴ እጅ፣ በራሴ ዓይን ነው የምጽፍልህ። አንዱ ዓይን ቢሆንም መስመሩ ተመልሶ ወታደር ሆኗል፤ ተመልከተው።

ፊልምህ ሐሙስ ከተማችን ሲኒማ ቤት ገባ። እኔ፣ ነርሷና የስፖርት አስተማሪው ሆነን የአሥር ሰዓቱን አየን። የስፖርት አስተማሪው አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ሲኒማ ቤቱ ደረጃ ላይ ግን ክንዴን የያዘኝ እሱ ነው፣ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ነርሷ ልማድ ሆኖባት፣ አሁንም የማላይ ይመስል ሁሉን በሹክሹክታ ትነግረኝ ጀመር። «አሁን ገባ። አሁን ተቀመጠ።» ከኋላ ያሉት ሁለት ጊዜ እሽ አሏት። አየዋለሁ፣ ዝም በይ አልኳት። አየሁህ። ሸብተሃል። ጠመኔውን ለሁለት ስትሰብረው ከኋላችን የነበረች ሴት ሳቀች፤ አስተማሪ መሆን አለባት።

ስብሰባው ሲመጣ የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። እጅህን አነሣህ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ኧረ ተው» ሲል ሰማሁ። ያኔ ይህን የሚለኝ ሰው አጥቼ ነበር፤ አሁን ስሰማው ደስ አለኝ። ከዚያ ክፍል ገብተህ ስታስተምር በልቤ አብሬህ ሠራሁ፤ መልሱ ሦስት አራተኛ ነው፣ ትክክል ነህ። ሰሌዳውን እየጠረግክ ስትዘፍን ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐኪሙ ዓይንሽን አታድክሚ ብሎኛል፤ ምክንያቱ እሱ ነው።

ስንወጣ የስፖርት አስተማሪው ደረጃው ላይ ቆመ። «ስለ እኔ ማንም ፊልም አልሠራም እንጂ፣ ያን ቀን እኔም እጄን አንሥቻለሁ» አለኝ። «አንቺን ተናገሪ ብዬ እኔ ለምን አልተናገርኩም?» ነርሷ ሁለታችንንም ሻይ ቤት ወስዳ ኬክ አዘዘችልን። እሱ ሁለት ቁራጭ በላ። «ልጁ ከመጣ ንገሩኝ፤ የምለው አለኝ» ብሎ ተለየን።

ፉጨት፣ አሁን እኔ ልጠይቅህ። ፎቶ አልፈልግም፣ ደብዳቤም አልፈልግም። ና። ከመስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ አንጥፌልሃለሁ። ነርሷ ሬዲዮዋን ዝቅ ለማድረግ ቃል ገብታለች፤ አታደርገውም፣ ግን ቃል ገብታለች።

አክስትህ


ታኅሣሥ 17

ለአክስቴ፤

ደህና ነሽልኝ? ደብዳቤሽን ይዤ ወደ ሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ገባሁ። «ሦስት ሳምንት ፈቃድ እፈልጋለሁ» አልኩት። «ምነው፣ ሰው ሞተብህ?» አለኝ። «የለም፣ ሰው አለኝ» አልኩት። ግራ ገብቶት ፈረመልኝ።

ጥር 16 ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከተማ እገባለሁ። ማንም እንዳይቀበለኝ፤ እየጠየቅኩ እመጣለሁ። ለነርሷ የደም ግፊት መለኪያ ገዝቼላታለሁ፣ አዲስ ዓይነት ነው። ለአንቺ ምን እንደምገዛ ጠፍቶኝ ሦስት ሱቅ ዞሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ለስፖርት አስተማሪው ንገሪው፤ የሚለኝን ሁሉ እሰማዋለሁ።

ፈርቻለሁ። መድረክ ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራም። ግን እመጣለሁ።

ፉጨት


ጥር 16 (በሩ ላይ የተለጠፈ)

ፉጨቴ፤

እንኳን ደህና መጣህ። አትደንግጥ፣ ደህና ነን። የቀኙ ዓይን ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ቀርቶ ቦታ ተገኘ ብለው ጠሩኝ። ነርሷ «ልጁ እስኪመጣ ይቆይ» አለች፤ እኔ እምቢ አልኩ። በሁለቱም ልይህ ብዬ ነው።

ቁልፉ ጎረቤት ጫማ ሠሪው ጋ አለ። ግባ፣ ልብስህን ቀይር። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኗል። ብላ፣ ተኛ። ዛሬ ወደ ሆስፒታል አትምጣ፤ ማንንም አያስገቡም።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፋሻውን ይፈቱልኛል። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ። ሐኪሙ መጀመሪያ ጣቶቹን አውጥቶ «ስንት ነው?» ነው የሚለው። ስቆጥር የኖርኩት ይበቃኛል። አንተ ቀድመኸው ከፊቴ ቁም።

አክስትህ